ስለ ጥንታዊት የናስ ገንዘብ



በገዳማት ዕቃ ቤት አልፎ አልፎ ወርዷ የጣት ጥፍር የሚያህል፣ ዝገት የበላት፣ ምንነቷ ያልታወቀ ገንዘብ ትገኛለች። ያያት ሁሉ «ናስ ናት» ይላል። ነገር ግን መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀልጥ ነሐስ፣ ከዚንክ ጋር ሲቀልጥ ናስ ይሆናልና፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት መርማሪውን ያሳስተዋል።

ናስ በኢትዮጵያ ምድር ለመገበያያ የዋለው ነገሥታቱ ገንዘብ ከማሳተማቸው በፊት ነው። በአንደኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገባው ሸቀጥ ናስን ቈጥሮ፣ ሰዎቹ ለጌጥ እንደሚያደርጉት፣ እየቈራረጡም በገንዘብ ፈንታ እንደሚገበያዩበት ይመሰክራል። እንግዲህ በጥንታዊ ፍርስራሽ የተገኘች ጽሕፈት የሌላት ቁራጭ እንኳ ተንቃ የምትጣል አይደለችም።

መልክና ጽሕፈት ያለው ገንዘብ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በንጉሥ እንዱቢስ ተጀመረ። ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክበብ ቢታይ ገንዘቧ ከክርስትና በፊት የተሠራች ናት፤ ዒዛና ካመነ በኋላ ግን በዚያ ስፍራ መስቀል ገባ። ሆኖም መስቀል ያለባት ሁሉ የአክሱም አይደለችም፤ የቢዛንጥዮን ነገሥታትም መስቀልን በገንዘባቸው አትመዋል። ከአል ፈላሕ በስተ ምዕራብ፣ በዚያው በአቡ ዳቢ ግዛት፣ በሲር ባኒ ያስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1992 የጥንት ክርስቲያኖች ገዳም ፍርስራሽ ተገኝቷል፤ በእንደዚህ ያለ ስፍራ መስቀል ያለባት ገንዘብ ብትወጣ ከየት እንደ መጣች የሚለየው ፊደሏ ነው። «ሙ» የተባለው ትልቅ የግሪክ ፊደል በጀርባዋ ካለ የቢዛንጥዮን ናት፤ «ፍሥሐ ለይኩን ለአሕዛብ» የሚል የግዕዝ ቃል ካለባት ግን የንጉሥ አርማሕ ናት።

ደግሞም አክሱማውያን በአንዳንዱ የመዳብ ገንዘብ ላይ በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ይህም በጥንቱ ዓለም እጅግ ብርቅ የሆነ ጥበብ ነው። ብዙው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ያገኛት ሰው በቅን ልቡና እንድታበራ ብሎ በሎሚና በአመድ ሲፈትጋት፣ ያ ወርቅ ከነምስክርነቱ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሊቅ ሊመልሰው አይችልም።

የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ አኃዝ ተጽፎበታልና ማንበብ የቻለ አይሳሳትም። በአክሱም ለጐብኚ የሚሸጠው አስመሳይ ግን በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ በመሆኑ ብዙ ጊዜ በጠርዙ የስፌት መስመር፣ በፊቱም የአየር ፊኛ ቀዳዳ ይታይበታል።

ስለዚህ አንዲት ገንዘብ ስትገኝ ሳትታጠብ ትመዘን፣ ሁለቱም ፊቷ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የተገኘችበትም ስፍራና ቀን በመዝገብ ይጻፍ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209ም ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዛል።