ቆሞ የሚታየው ደመና፦ ስለ ተራራ ሞገድና ሞተር አልባ በረራ



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት ደብረ ታቦር ላይ ሳስተምር፣ ከፋርጣ የመጣ አንድ ተማሪ በመስኮቱ ወደ ጉና እያመለከተ፣ «መምህር፣ ነፋሱ እንዲህ እየነፈሰ ያ ደመና ስለ ምን አይንቀሳቀስም?» ሲል ጠየቀኝ። ደመናው እንደ ምስር ፍሬ መሐሉ ወፍሮ ጠርዙ የሳሳ ነበር። «ከላይ ነፋስ ስለሌለ ነው» አልኩት። እርሱም «አባቴ ግን ያ ደመና ሲቆም አውድማው ላይ ብርቱ ነፋስ ይመጣል ይላል» አለ። ፈገግ ብዬ አለፍኩት።

አባትየው ትክክል ነበሩ። ጉማራ ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ አስቡ፤ ውኃው ድንጋዩን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ከድንጋዩ በታች የሚነሣው ሞገድ ግን በቦታው ይቆማል። የተረጋጋ አየርም በብርቱ ነፋስ ተገፍቶ ተራራን ሲሻገር፣ ከተራራው ጀርባ እየወረደና መልሶ እየወጣ ይጓዛል። ሲወጣ ቀዝቅዞ እርጥበቱ ደመና ይሆናል፤ ሲወርድ ሞቆ ደመናው ይተናል። ደመናው በአንዱ ጠርዝ ሲወለድ በሌላው ይጠፋል፤ ቅርጹ ብቻ ይቆማል።

ሞተር አልባ አውሮፕላን ከፍታ የሚያገኘው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ወደ ላይ በሚወጣው የሞገዱ ክፍል ላይ ሲቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ቮልፍ ሂርትና ሃንስ ዶይችማን በዛሬዎቹ ፖላንድና ቼክ ድንበር ባሉት ተራሮች ላይ ይህን በበረራ አገኙት። ደመናው ግን አስቀድሞ ስም ነበረው፤ የአገሬው ሰው «ሞአዛጎትል» ይለው ነበር፤ ስያሜውም ከአንድ ገበሬ ስም እንደመጣ ይነገራል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2018 ደግሞ ፐርላን 2 በአርጀንቲና ፓታጎኒያ፣ በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ከተነሣ በኋላ፣ በሞገድ ኃይል ከ22,000 ሜትር በላይ ወጣ።

ይኸው ሞገድ ይገድላልም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1966 አንድ የመንገደኞች ጄት ከፉጂ ተራራ ጀርባ በገጠመው ኃይለኛ የአየር ነውጥ ተሰባብሮ 124ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አለቁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ጉና ሥር ሆነን የከባቢ አየርን ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማራችን ያሳፍረኛል። ሞተር አልባ አውሮፕላን የለንም፤ ዓይንና ደብተር ግን አለን። በበጋው ወራት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደመናውን ቅርጽና የቆየበትን ጊዜ፣ በምድር ላይ የነፈሰውን ነፋስ መዝግቡ። በአውድማ ላይ እህል የሚያዘሩትንም ጠይቁ፤ የነፋሱን አመጣጥ ሳይጠብቁ ላይዳ አያነሡምና።

ያ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ከእኔ ሳይሰማ ተመርቆ ሄደ። የመጀመሪያውን መዝገብ የምታመጡልኝ እናንተ ከሆናችሁ፣ በአባቱ ቃል እንጀምረዋለን።