በግድ ስለሚጠጣ ጽዋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከማንኛችንም ቤት የማይጠፋ ነው፤ ይኸውም መጠጥ ነው። ሰው ወደ ጎረቤቱ ቢገባ፥ ደቦ ቢጠራ፥ ልጁን ክርስትና ቢያስነሣ፥ ልጁን ቢድር ወይም የአባቱን ተዝካር ቢያወጣ፥ ጠላው ወይም ጠጁ ከእንጀራው ጋር ይቀርባል። ስለዚህም «ቤተ ክርስቲያን መጠጥን ትከለክላለችን?» ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን ከቅዱሳት መጻሕፍት እንፈልግ።

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል ታከብራለች። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈው፥ በሠርጉ ቤት የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ እመቤታችን ለልጅዋ አሳሰበች፤ እርሱም ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙትን ስድስት የድንጋይ ጋኖች ውኃ አስሞልቶ ወይን አደረገው። እንግዲህ ጌታ ራሱ ለሠርግ ቤት የሰጠውን ርኩስ ነው የሚል ማን ነው? ዳዊትም በመዝሙር 103 ወይን የሰውን ልብ ደስ እንደሚያሰኝ ይመሰክራል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ነገር ግን «ጥቂት» ብሎ ልክ አድርጎለታል።

ልክ ከተተላለፈ የሚሆነውንም እነዚያው መጻሕፍት አልሸሸጉንም። ከጥፋት ውኃ የዳነው ጻድቁ ኖኅ ከተከለው ወይን ጠጥቶ ሰከረ፥ በድንኳኑም ውስጥ ዕራቁቱን ሆነ። ሰሎሞንም በምሳሌ ምዕራፍ 23 ዋይታ፥ ጠብና ያለ ምክንያት መቍሰል የማን እንደ ሆነ ጠይቆ፥ በወይን ጠጅ ላይ የሚዘገዩ ሰዎች ዕጣ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ መልሱ ይህ ነው፤ መጠጡ ፍጥረት ነው፥ ስካሩ ግን ኃጢአት ነው።

ይህን ሁላችሁ ከአባቶቻችሁ ሰምታችሁታል። እኔ ዛሬ ልናገረው የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለሚጠጣው ሰው ሳይሆን ስለሚያጠጣው ሰው ነው።

በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 1 የተጻፈውን ተመልከቱ። ንጉሥ አርጤክስስ በሱሳ ለሕዝቡ ሰባት ቀን ግብዣ አደረገ፥ በወርቅ ጽዋም አጠጣ። ሆኖም እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ እንዲጠጣ፥ ማንም እንዳይገደድ ለቤቱ አዛዦች ትእዛዝ ሰጠ። ራሱ ግን በሰባተኛው ቀን ልቡ በወይን ጠጅ ሞቆ ባዘዘው ትእዛዝ ንግሥቲቱን አስጢንን አጣ። እነሆ፥ እግዚአብሔርን የማያውቅ ንጉሥ እንኳ እንግዳን በመጠጥ ማስገደድ እንደማይገባ ዐወቀ። ነቢዩ ዕንባቆም ደግሞ በምዕራፍ 2 ባልንጀራውን እያጠጣ በሚያሰክረው ሰው ላይ ወዮታን ይናገራል። ወዮታው በሰካሩ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደጋሽና አሳላፊ ነጻ በሆኑ ነበር፤ ነገር ግን ነቢዩ ጣቱን የቀሰረው በሚቀዳው ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። እንግዳው «በቃኝ» ይላል፤ ደጋሹ «በሞቴ» ይለዋል። እንግዳው እጁን በብርሌው አፍ ላይ ያኖራል፤ ሌላው «አፈር ስሆን» ብሎ ይጨምርበታል። እምቢ ቢል «ንቀኸን ነው» ይባላል። ይህ ልማድ ከክፋት የመጣ አይደለም። እንግዳ አፍሮ ሳይጠግብ እንዳይነሣ አባቶቻችን ከፍቅር የተነሣ ያደርጉት የነበረ ነው። ነገር ግን እንጀራን በፍቅር ማጉረስ ሌላ ነው፥ የሚያሰክርን ነገር በመሐላ ማጠጣት ሌላ ነው። የጠገበ ሰው አንድ ጉርሻ ቢጨመርለት ሆዱ ይከብደዋል፤ የበቃው ሰው አንድ መለኪያ ቢጨመርለት ግን ልቡናውን ያጣል።

የምወዳችሁ፥ ከመካከላችን ሐኪም መጠጥ የከለከለው ሰው አለ። ለንስሐ አባቱ «ከእንግዲህ አልቀምስም» ብሎ ቃል የገባም አለ። በሬውን በአረቄ ምክንያት ሸጦ፥ ሚስቱን አስለቅሶ፥ ልጆቹን ከትምህርት ገበታ አስቀርቶ፥ በኋላ በብዙ ጭንቅ የተመለሰ ሰውም አለ። ይህ ሰው በወር አንድ ቀን የጊዮርጊስ ማኅበር ሲደርስ ምን ያድርግ? ቢሄድ ይገደዳል፤ ቢቀር ከወንድሞቹ ይለያል። ማኅበራችን «ጽዋ» ተብሎ የተጠራው ጽዋው ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ እኛን አንድ ስለሚያደርገን ነው። በዚያው ጽዋ ምክንያት አንድ ወንድም ከማኅበሩ ከወጣ፥ ጽዋው ሥራውን ትቷል ማለት ነው። ያ ሰው በቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ጸናሁ ቢል እንኳ ያለ ወንድም መጽናት ከባድ ነው፤ ከመካከላችን ቢገኝና በእኛ ግድ ተመልሶ ቢወድቅ ደግሞ ስለ ነፍሱ የምንጠየቀው እኛ ነን።

ሌላም አለ። በሠርግ ወይም በንግሥ በዓል ቀን ከሞቅታ የተነሣ የወጣ አንድ ቃል ዱላ ያስነሣል፤ ዱላው ነፍስ ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ታቦትና መስቀል ይዘው ወራት ሙሉ ቢለምኑ እንኳ ደሙ ቶሎ አይደርቅም። የሟች ልጆች ያለ አባት፥ የገዳይም ልጆች ያለ አባት ያድጋሉ። በዚያ ሌሊት «በሞቴ» እያለ የቀዳው ሰው በፍርድ ቤት ስሙ አይጠራ ይሆናል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ይጠራል።

ደግሞም መጠጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ከብቅልና ከጌሾ የሚጠመቀው ጠላ ያለው የሚያሰክር ኃይል ከመቶ ጥቂት እጅ ነው፤ ጠጅ ከዚያ ይበልጣል፤ ዳግም አረቄ ግን ከመቶ 40 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በጣሳ ጠላ የለመደው እጅ አረቄን በዚያው ልማድ ሲያስገድድ ከመጋበዝ ወደ መጉዳት ይሻገራል። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ምክንያት በ2019 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ላይ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ አስታውቋል። ሐኪሞችም ጥቂቱ እንኳ ፈጽሞ ከጉዳት ነጻ እንዳልሆነ ይናገራሉ። እንግዲህ «አንድ ብርሌ ምን ያደርጋል?» ብለን በሌላው ሰው ሰውነት ላይ የምንፈርደው በምን ሥልጣን ነው?

ይህን ስንል ጠላ ጠምቃ፥ በዚያው ልጆችዋን የምታሳድገውን እናት ለመውቀስ አይደለም። ጢሱን ችላ፥ ጋኑን አጥና፥ በላብዋ የምትኖር ናት። እርስዋም ብትሆን ግን የሰከረውን «ይበቃሃል፥ ወደ ቤትህ ግባ» ብትለው ከገንዘቡ የሚበልጥ በረከት ታገኛለች።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ደጋሽ የሆነ ሁሉ ከጠላው ጎን ንጹሕ ውኃና ያልፈላ ብርዝ ያኑር፤ እንግዳውም የፈለገውን ያንሣ። «በቃኝ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ ይከበር። የማኅበሩ ሙሴ የሆነም ሰው፥ ከመጠጥ የተለየ ወንድም ካለ በጽዋው ፈንታ ዳቤውን ቆርሶ በክብር ይስጠው፥ «ለምን?» የሚል ጥያቄም እንዳይነሣበት ይጠብቀው። በበዓል ቀን ለልጆች «ቅመሱ» ማለት ይቅር፤ የአገራችን ሕግም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የሚያሰክር መጠጥ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። እኛ ካህናትም ከሁሉ አስቀድመን ልንጠነቀቅ ይገባናል፤ ጳውሎስ ኤጲስ ቆጶስና ዲያቆን ለወይን ጠጅ የማይገዙ እንዲሆኑ ያዘዘው ሕዝቡ በካህኑ ስለሚመራ ነውና። ባርኮ የሚያስጀምረው እጅ እርሱ ራሱ «ይብቃ» ብሎ መጨረስን ያሳይ።

በመጨረሻም ከጽዋዎች ሁሉ በላይ የሆነውን ጽዋ እናስብ። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቍርባን የሚቀርበው ወይን ዘቢቡ በንጹሕ ውኃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የሚዘጋጅ ነው። በእውነት በሞቱ የጋበዘን አንድ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ብቻ ነው፤ እርሱም ሕይወት የሚሰጠውን ጽዋ ሲያቀርብልን ማንንም አላስገደደም። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ንጹሕ የሆነውን ይቅረብ ይላል፥ ያልተዘጋጀውንም እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል፤ ያልቀረበውም ሰው ከጉባኤው አይባረርም፥ እስኪዘጋጅ ይጠበቃል እንጂ። አምላክ የሕይወትን ጽዋ በፈቃድ ካደረገው፥ እኛ የጌሾን ጽዋ በግድ እናደርገው ዘንድ እንዴት እንደፍራለን?

በቃና የተገኘ አምላክ በየድግሳችን ይገኝ፤ የጎደለውን ይሙላልን፥ የተረፈውንም በልክ እንድንጠቀም ልቡና ይስጠን። ከመጠጥ ለተመለሱት ጽናትን፥ ለእኛም እነርሱን የምንደግፍበትን ፍቅር ያድለን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።