የልጆቹ ሄሊኮፕተር ቻርጅ ሲደረግ
(በ6ኛ ኦክቶበር ለቤት ሠራተኛ እህቶች የተሰጠ ትምህርት)

 

ዛሬ የማነሣው ነገር ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል፤ በሪሞት የምትበረው የልጆች ሄሊኮፕተር ናት። ግን በየቪላውና በየአፓርታማው ያቺን ሄሊኮፕተር ቻርጅ የምታደርገው ማን ናት? የቤት ሠራተኛዋ ናት። ልጁ አምስት ወይም ስምንት ደቂቃ ያበርራታል፤ ኃይሏ ያልቅና ትወድቃለች፤ እያለቀሰ ያመጣላችኋል። እናንተም ሽንኩርት እየከተፋችሁ በአንድ እጃችሁ ትሰኩለታላችሁ። ቤቱ ላይ አደጋ ቢደርስ ግን መጀመሪያ «ማን ሰካው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ሕይወታችሁንም ስማችሁንም ይጠብቃል።

በሄሊኮፕተሯ ውስጥ ያለችው ስስ፣ ከረጢት የምትመስል ባትሪ ሊቲየም ፖሊመር ትባላለች። የስልካችሁ ባትሪ የቅርብ ዘመዷ ነው። ትንሽ ሆና ብዙ ኃይል ትይዛለች፤ ያ ኃይል በአንድ ጊዜ ከወጣ ግን እሳት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በላይዋ 3.7 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ስትሞላ 4.2 ቮልት ትደርሳለች፤ ከዚያ ካለፈች አደጋ ነው። ይህ የርካሽ መጫወቻ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ባትሪው እየተቀጣጠለ ስላስቸገረው ከገበያ ሰብስቦ ማምረቱን አቁሟል።

መጀመሪያ ስለ ቻርጀሩ። ከመጫወቻው ጋር የመጣው ገመድ ተራ ገመድ አይደለም፤ ከሶኬት የሚመጣውን ኃይል ለባትሪዋ በሚስማማት ልክ የሚመጥን ትንሽ ዕቃ አለበት። በቤቱ ሁለት ሦስት መጫወቻ ካለ ገመዶቹ ይመሳሰላሉ፤ ጫፋቸውም ይገጥም ይሆናል። ስለ ገጠመ ግን ልክ ነው ማለት አይደለም። የትልቁ መኪና ቻርጀር 7.4 ቮልት ለሚለው ባትሪ የተሠራ ከሆነ ለትንሿ ሄሊኮፕተር ከአቅሟ በላይ ነው። ስለዚህ በየገመዱና በየመጫወቻው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ክር እሰሩ፤ ቀይ ከቀይ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። የሪሞቱን ተራ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ እንደሚደረግ ካልተጻፈበት በቀር ከቶ ቻርጅ አታድርጉ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከበረራ የወረደች ባትሪ ትሞቃለች። ወዲያው አትሰኳት፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ትቀዝቅዝ። ልጁ ካለቀሰ «ሄሊኮፕተሯ ደክሟታል፣ ትረፍ» በሉት፤ ልጅ ይህን ይረዳል። ብዙዎቹ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይሞላሉ። በአንዳንዱ ገመድ ስትሞላ መብራቱ ይጠፋል፣ በሌላው ይበራል፤ የእናንተው ቤት የትኛው እንደሆነ አንድ ጊዜ ቆማችሁ እዩ። ከሞላች ንቀሏት። ጨዋታው ሲያልቅ ማብሪያ ማጥፊያዋን አጥፉ፤ ሳትጠፋ ከርማ ከ3 ቮልት በታች የወረደች ባትሪ ውስጧ ይጎዳል፤ በኋላ ስትሞላም አደገኛ ትሆናለች።

ሦስተኛው ቦታ ነው። አልጋ፣ ሶፋ፣ ምንጣፍና መጋረጃ አጠገብ አይሆንም። በሴራሚክ ወለል ላይ ወይም በሸክላ ሳህን ላይ አድርጉት። በበጋ ፀሐይ የሚመታው በረንዳም አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን በምትተኙበት ክፍል፣ በሌሊትና በመውጫ በር አጠገብ አትሰኩ። እሳት ቢነሣ መውጫችሁን እንዳይዘጋባችሁ።

አሁን ምልክቶቹን ያዙ። ባትሪዋ ካበጠች፣ እጅ እስከማያስይዝ ከጋለች ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ሽታ ካመጣች ሥራዋ አልቋል። ያበጠችውን አትውጓት፣ አትጫኗት፣ ወጥ ቤት ቆሻሻ ውስጥም አትጣሏት። ከቀዘቀዘች በኋላ አሸዋ ባለበት ብረት ድስት አድርጋችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ውጭ አስቀምጧት። ለማዳም እንዲህ በሏት፦ «ያ ማዳም፣ ኢል በጣሪያ መንፉኻ፣ ኸጠር።» ባትሪው አብጧል፣ አደጋ ነው ማለት ነው። ከተቻለም ፎቶ አንሥታችሁ በዋትሳፕ ላኩላት። ቆይቶ «አልነገርሽኝም» ቢባል መልእክቱ ይናገራል።

ጭስ ወይም እሳት ከተነሣ በእጃችሁ አትያዙት፣ ጭሱንም አትተንፍሱ፤ መርዝ ነው። ልጆቹን አውጡ፣ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፣ «ሐሪአ!» ብላችሁ ጩኹ። ቆጣሪው ጋ መድረስ ካልከበደ መብራቱን አጥፉ፤ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ ውኃ አትድፉ። በግብፅ የእሳት አደጋ ስልክ 180፣ አምቡላንስ 123 ነው። አንዳንዷ እህት «ከደመወዜ ይቆርጡብኛል» ብላ ምንጣፉን ለማዳን ትመለሳለች። እባካችሁ አትመለሱ። ምንጣፍ ይገዛል፤ እናንተን የምትጠብቅ እናት ግን ሌላ ልጅ ገዝታ አትተካችሁም።

ይህ ሁሉ ለራሳችሁ ስልክም ይሠራል። ስልክ ከትራስ ሥር ሆኖ ቻርጅ አይደረግ። ቀኑን ሙሉ ሠርታችሁ ሌሊት ከቤተሰብ ጋር የምታወሩባት ስልክ እናንተን የምትጎዳ አትሁን።

ለልጃችሁ ወይም ለእህታችሁ ልጅ መጫወቻ ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የምትሄዱም አላችሁ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ በአውሮፕላን ሆድ በሚገባው ሻንጣ አይጫንም፤ በእጅ ቦርሳ ይያዛል። የባትሪውን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑት፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካካ። ካሜራ ያለውን ድሮን ግን አትግዙ፤ በግብፅም በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ስለማይገባ ገንዘባችሁ ጉምሩክ ይቀራል።

እህቶቼ፣ ማዳም ያልሆነ ነገር ስኪ ብትላችሁ በትሕትና «ኸጠር» ማለት አለመታዘዝ አይደለም። የእርሷንም ልጆች መጠበቅ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የተሰካውን ሁሉ አንዴ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ያልመጣችውን ጓደኛችሁንም ንገሯት። እግዚአብሔር በሰው ቤት ያላችሁትን ሁሉ ይጠብቃችሁ፤ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።