ስለ ጉዞ ኢንሹራንስና ስለ ቪዛ በወርኃዊ ስብሰባችን የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አውሮፓ የሚጓዙ ነዋሪዎቻችን ከቪዛ ማመልከቻቸው ጋር ስለሚያቀርቡት የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። ከመካከላችን አንዲት እናት ጀርመን አገር የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ተነሥተው ነበር። ያመለከቱት ለ60 ቀን ቆይታ ሲሆን ኢንሹራንሱ የተገዛው ለ30 ቀን ሆኖ ተገኘና ቪዛው ተከለከለ። ልጂቱ ያለ እናት ታረሰች። ወረቀቱን አንብቦ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኛም ጎረቤቶቻቸው ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም።

ሸንገን የሚባሉት አገሮች ዛሬ 29 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የቪዛ ደንብ አንቀጽ 15 መሠረት ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ የቆይታውን ቀን በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ወጪን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስን፣ ሞትንም ጭምር ማካተት ይኖርበታል። «ምነው አሟረታችሁ» የምትሉን አትጠፉም። እድራችን ግን እዚህ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል እንጂ ከፍራንክፈርት አስከሬን የሚያመጣበት አቅም የለውም።

ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጎድል ይጻፍ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲራዘም ወስኗል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ማመልከት ነው፤ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞም ይቻላል። የጉዞው ቀን ቢገፋ የኢንሹራንሱ ቀን አብሮ መለወጥ አለበት። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም ሳይከፍሉ በፊት መጠየቅ ይገባል።

እኛን በይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ኤምባሲው ደንቡ መሟላቱን ያያል እንጂ የእማማን ስኳርና የአባባን ደም ግፊት አይጠይቅም። ብዙ ውሎች ደግሞ የቆየ በሽታን አይሸፍኑም፤ የዕድሜ ገደብ ያላቸውም አሉ። ቪዛ ያስገኘው ወረቀት ሆስፒታል ሲደረስ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው በዚያ ባለው ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። እንግዲህ «የቆየ በሽታዬ ድንገት ቢነሣብኝ ትከፍላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በሽታን መደበቅ አይጠቅምም። የሚቀል ከሆነ ልጃችሁ እዚያው ሆኖ በእናንተ ስም ሊገዛላችሁ ይችላል።

ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ አሜሪካ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ለቪዛው ይህ ግዴታ የለበትም፤ የአሜሪካን ሕክምና ዋጋ የሰማ ግን ሳይገዛ አይሄድም።

ከመክፈላችሁ በፊት ውሉን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ብቅ በሉ። እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶቻችን ቁጭ ብለው ያነቡላችኋል። ፓስፖርታችሁንና የሐኪም ወረቀታችሁን አትርሱ።