ዛሬ ስንት ሮጣችሁ?

(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ “ስለ ስፖርትና ጤና አሥር ደቂቃ ትናገሪያለሽ” ነበር ያሉኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደነገጥኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የስፖርት ሳይንስ መምህራን ተቀምጠዋል፤ የጤና መምህራንም አሉ። እነሱ ፊት ቆሜ ስለ ልብና ስለ ሳንባ ላወራ ነው? እኔ እኮ 5 ኪሎ ሜትር በ41 ደቂቃ የምሮጥ፣ በጓደኞቼ ዘንድ “ኤሊዋ” ተብዬ የምጠራ ሰው ነኝ። ስለዚህ ርዕሱን ቀይሬዋለሁ፤ አዘጋጆቹ ይቅር በሉኝ። ስለ ሩጫው ሳይሆን፣ ከሮጥን በኋላ ስለምንጻጻፈው ነገር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዘጠኝ ነበርን። ሁለት መምህራን፣ አንድ የላይብረሪ ሠራተኛ፣ አንድ የግቢ ጥበቃ፣ የቀረነው ተመርቀን እዚሁ ከተማ ሥራ የያዝን ልጆች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ እንገናኝና አስፋልቱን ይዘን እንወጣለን። ለምን በዚያ ሌሊት? የአሶሳን የካቲትና መጋቢት ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ። ትምህርት ተቋረጠ፣ ተማሪው ወደየቤቱ ሄደ፣ ግቢው ጭር አለ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ዘጠኝ ሰው አብሮ መሮጡ ቀረ። ያኔ የላይብረሪው ልጅ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተና ሕግ አወጣ። ሁሉም ለየብቻው ይሩጥ፤ ነገር ግን እስከ 3 ሰዓት ሪፖርት ያድርግ። ስንት ኪሎ ሜትር፣ በስንት ደቂቃ፣ መንገድ ላይ ምን አየ። ጥበቃችን ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ስለነበራቸው የሳቸውን ሪፖርት እሱ እየደወለ ይጽፍላቸው ነበር።

አንዳንዶቹን ሪፖርቶች ላንብብላችሁ፤ እስካሁን አላጠፋኋቸውም።

“4 ኪ.ሜ፣ 29 ደቂቃ። ውሻ አባሮኝ ነው እንጂ 32 ነበር።”

“6 ኪ.ሜ፣ 3 ማንጎ።” ይኼ የግንቦት ነው። ደቂቃውስ ብንለው “ማንጎ በደቂቃ አይለካም” አለን።

“0 ኪ.ሜ። ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ከእኔ ይከብዳል።” ይኼ ደግሞ የክረምት ነው፤ ቀዩን አፈራችንን የምታውቁ ትስቃላችሁ።

ከመካከላችን ስልኩን በግራ እጁ ጨብጦ የሚሮጥ አንድ ልጅ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የለመደው የግራ ክንዱ አያያዝ፣ ትልቅ ሯጭ ሆኖም እንዳልለቀቀው ታውቃላችሁ። እናም አንዱ፣ “ኃይሌ ደብተር ይዞ ሮጦ ኃይሌ ሆነ፤ አንተ ስልክ ይዘህ ምን ልትሆን ነው?” ቢለው፣ “ቴሌ” ብሎ መለሰ። እኔ በዚያ ሳቅ ቡናዬን ደፍቻለሁ።

ይኸው ልጅ አንድ ቀን ሩጫውን ጨርሶ፣ የስልኩን ቆጣሪ ሳያጠፋ ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ቆጣሪው አንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ መዝግቦለታል። እሱም ሳያይ ለቀቀው። የስፖርት ሳይንስ መምህራችን ወዲያው፣ “የ1,000 ሜትር የዓለም ሪከርድ እ.ኤ.አ. በ1999 ኬንያዊው ኖህ ንጌኒ ያስመዘገበው 2 ደቂቃ ከ11.96 ሴኮንድ ነው። እንኳን ደስ አለህ። የባጃጁ ሹፌር ግን ምርመራ ይደረግለት” ብለው ጻፉ።

ከሁሉ የማያልቀው ጭቅጭቅ የከፍታው ነው። አንዱ ጓደኛችን ሥራ ወደ አዲስ አበባ ተቀየረ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ፣ አሶሳ ደግሞ ወደ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። እሱ ታዲያ “እናንተ ጋ ኦክስጅን በነፃ ነው፣ ከሰዓታችሁ ላይ ግብር ይቆረጥ” ይላል። እኛ “መጥተህ በመጋቢት፣ በ5 ሰዓት ፀሐይ ሩጥ፤ ያኔ ግብሩን እንተሳሰባለን” እንላለን። (እውነቱን ለመናገር፣ በኋላ ሦስታችን ለታላቁ ሩጫ አዲስ አበባ ሄደን ዳገቱ ላይ እኔ ግብሩን ከነወለዱ ከፍያለሁ። ግሩፑ ውስጥ ግን “አየሩ ተስማምቶኛል” ብዬ ነው ሪፖርት ያደረግኩት። ዛሬ ማመኔ ነው።)

ይህ ሁሉ ቀልድ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ጠፍቶ ቆየ። ያን ጊዜ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከእኛም ውስጥ ቤተሰቡ ሌላ ክልል የሆነ ነበር፣ ለሥራ ወጥቶ መመለስ የፈራ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ “ማን ደኅና ነው?”

መላውን የፈጠሩት ጥበቃችን ናቸው። “ሚስኮል አለ አይደል እንዴ?” አሉ። ብር አያስወጣ፣ ኢንተርኔት አይፈልግ። ተራ ወጣ። ጋሼ ጥበቃ ሮጠው ሲመለሱ ለላይብረሪው ልጅ ሚስኮል ያደርጋሉ፤ እሱ ሲመለስ ለእኔ፤ እኔ ለሒሳብ መምህሬ፤ እሳቸው ለቀጣዩ፤ እንዲህ እያለ ዘጠነኛው መልሶ ለጥበቃው። ቀለበቱ ከተዘጋ ሁሉም ሰላም አድሯል። እስከ 3 ሰዓት ሚስኮል ያልደረሰው ሰው ግን ከእሱ በፊት ያለውን ይጠይቃል፤ በሚስኮል ሳይሆን ሒሳብ በሚቆጥር ጥሪ።

አንድ ቀን ቀለበቱ እኔ ጋ ተቆረጠ። መብራት ጠፍቶ ስልኬ ሞቷል። እኔ እቴ፣ ዝናቡን ሰበብ አድርጌ ተኝቻለሁ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። የላይብረሪው ልጅ ነው፤ በዝናቡ ከከተማው ወዲያኛው ዳር ድረስ ሮጦ መጥቷል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እንዳየኝ መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ? “ይቺ 3 ኪሎ ሜትር ትቆጠርልኛለች?” ኢንተርኔቱ ሲመለስ እንዲህ ብሎ መዘገባት፦ “3 ኪ.ሜ፣ 24 ደቂቃ፣ ኤሊ ፍለጋ።”

ኢንተርኔት ተመለሰ፤ ሚስኮሉን ተውነው። ማን ይፈልገዋል? ግሩፑም ሰፋ፤ ሃያ ስድስት ሆንን። በቀን መቶ መልእክት ይገባል። አንድ ሰው ዝም ቢል ማን ልብ ይለዋል?

አሁን የምነግራችሁን ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው።

የሒሳብ መምህሬ ካልኩለስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ናቸው፣ 6 ኪሎ ሜትራቸውን በ38 ደቂቃ የሚጨርሱ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንድ ሳምንት ሪፖርታቸው እየቀነሰ መጣ። ሰኞ “5 ኪ.ሜ፣ 39 ደቂቃ”። ማክሰኞ “4 ኪ.ሜ፣ 36 ደቂቃ”። ሐሙስ “2 ኪ.ሜ፣ 25 ደቂቃ፤ እግሬ ከበደኝ” አሉ። እኔም ጎበዝ ተማሪ ልምሰል ብዬ፣ “ጋሼ፣ ተከታታይ ቁጥሩን አየነው፤ ሊሚቱ ዜሮ ነው!” ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አራት ሰው የሳቅ ምልክት አደረገልኝ። ቆጥሬዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ሪፖርት አላደረጉም። ቅዳሜም። እሑድ አንዱ “ጋሼ ኤሊዋን ተቀየሟት” አለ፤ ደግሞ ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤን ግን ትንሽ ቅር ብሎት ነበር። ልደውል አስቤ፣ ሰኞ እደውላለሁ ብዬ አሳደርኩት።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ከጥበቃችን ጋር ተገናኘን። “ሰውየው ዛሬ ተሻላቸው?” አሉኝ። “የትኛው ሰውዬ?” አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ።

ለካ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሚስኮሉን አልተዉትም ነበር። ጥበቃችን ቴሌግራም የላቸውም፤ መምህሬ ደግሞ “እኚህ ሰው በእኛ ስልክ ምክንያት ለምን ይቅሩ?” ብለው በየጠዋቱ ሚስኮል ያደርጉላቸው ነበር። ዓርብ ሳይመጣ ሲቀር ጥበቃችን ደወሉ፤ አይነሳም። ተረኛቸውን ለባልደረባቸው አደራ ብለው ቤታቸው ሄዱ። መምህሬ ቤተሰባቸው ሌላ ከተማ ስለሆነ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በር ተዘግቷል። ጎረቤት ጠርተው ከፍተው ሲገቡ ሰውየው በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ፣ የሚያወሩትን አያውቁም። በባጃጅ ወሰዷቸው። ደማቸው ሲታይ ወባ፤ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ የከፋው ዓይነት።

በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ነው። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችን “በነፃ” ያለው ኦክስጅን ያለበት ከፍታ ማለት ነው። እኔ እዚሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ከክረምት በኋላ፣ በጥቅምት፣ አንድ ሰው “እግሬ ከበደኝ” ሲል ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

“ለምን አልነገሩንም?” አልኳቸው ጥበቃችንን። የመለሱልኝን አልረሳውም። “እናንተ እኮ በዚያ ስልካችሁ ሁሉን ታያላችሁ፤ የምታውቁ መስሎኝ” አሉኝ።

ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከበሩ ጀምሮ ይቅርታ የሚለውን ንግግር አዘጋጅቻለሁ። አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው፣ “ነይ ተቀመጪ። ያን ሊሚት አጣርተሽ አልሠራሽውም። አራት ቁጥር አይቶ ዜሮ ነው አይባልም። ሲ የሰጠሁሽ ለዚህ ነው” አሉኝ። አለቀስኩ። እሳቸው ብርቱካኑን ላጡ።

ከዚያ በኋላ ግሩፑ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው ሁሉ ጨዋ ሆነ። “5 ኪ.ሜ” ይላል አንዱ፤ “በርታ ወንድሜ” ይላል ሌላው። “4 ኪ.ሜ”፤ “እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥህ”። ማንጎ የለ፣ ውሻ የለ፣ ባጃጅ የለ። አሥር ቀን እንዲህ ሆኖ ለቅሶ ቤት መሰለ። በአሥራ አንደኛው ቀን መምህሬ ከአልጋቸው ሆነው፣ “ምነው ዝም አላችሁ፣ ሞቻለሁ እንዴ?” ብለው ጻፉ። የባጃጁ ልጅ ነበር ቀድሞ የመለሰው፦ “ጋሼ፣ ሪፖርት ሳያደርጉ መሞት በሕጉ አይፈቀድም።”

የመጀመሪያ ሪፖርታቸውን የላኩት ሦስት ሳምንት ቆይተው ነው። “0.2 ኪ.ሜ፤ ከአልጋ እስከ አጥር፣ ደርሶ መልስ። ኤሊዋ ብትቀድመኝ አልቀየምም።”

ሚስኮሉን መልሰነዋል። ሃያ ስድስት ሰው በአንድ ቀለበት ስለማይሆን ሦስት ቦታ ተከፍለናል። ጥበቃችን የአንደኛው መሪ ናቸው፤ ስማርት ስልክ እንግዛልዎት ብንላቸው እምቢ ብለዋል። ካናዳ የገባው ጓደኛችን ሚስኮል አይደርሰውም፤ እሱ በሌሊቱ የእኛን ጠዋት እየጠበቀ በቴሌግራም ይገባል። በበረዶው ወቅት የሚሮጠው ቤት ውስጥ ማሽን ላይ ነው። “0 ኪ.ሜ ሄድኩ፣ 5 ኪ.ሜ ሮጥኩ” ይላል፤ ይህ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ክርክር ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ሕግ ደግሞ ጨምረናል፤ “ዛሬ አልሮጥኩም” ሙሉ ሪፖርት ነው። ምክንያት አይጠየቅም። ዝምታ ግን ይጠየቃል።

አንድ ነገር ልለምንና ልውረድ። ከምሳ በኋላ ለዓመት መጽሐፉ ስማችሁንና ስልካችሁን ትሞላላችሁ። ባለፈው ጊዜም ሞልተናል፤ እኔ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ለአንድም ሰው ደውዬ አላውቅም፤ ለእኔም የደወለ የለም። ዘንድሮ ከስማችሁ አጠገብ፣ ከክፍላችሁ ልጆች የአንዱን ስም ጻፉ። ሚስኮል የምታደርጉለትን። መሮጥ የማይወድ መራመድ ይችላል፤ መራመድ የማይወድ ቡናውን ጠጥቶ “ጠጥቻለሁ” ይበል።

የዛሬ ጠዋቱን ሪፖርት ገና አልላክሁም፤ 3 ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ ቅጣት አለብኝ። እዚሁ ላቅርብ። 5 ኪሎ ሜትር፣ 43 ደቂቃ። ከመምህራንና ከተመራቂዎች ጋር። ማንጎው ገና አልደረሰም። ከኋላ ሁለተኛ ወጥቻለሁ፤ ከእኔ ኋላ የነበሩት ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየሳቁ ነው፤ ሰዓታቸውን ራሳቸው ይናገሩ።