በብዙ ክላውድ ስለሚቀመጥ መዝገብና ስለ ቁልፎቹ ጥበቃ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል እንድንናገር በተፈቀደልን ጥቂት ጊዜ፣ አንድ የንግድ ድርጅት መዝገቡን በብዙ ክላውዶች ሲያስቀምጥ ስለሚደርስበት አደጋ ለመግለጽ እንወዳለን። ክላውድ ማለት ደመና ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ያለው በሰማይ ሳይሆን፣ በሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ በኪራይ በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። ከታላላቆቹ አከራዮች መካከል አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ይገኛሉ። አከራዩ ሕንፃውንና መሣሪያውን ይጠብቃል፤ ቁልፉ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን ተከራዩ ነው።

ሁሉን በአንድ ቤት ማኖር የሚያመጣውን ጥፋት ኮድ ስፔስስ በተባለው ድርጅት ላይ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ወንበዴ የድርጅቱን የአማዞን ክላውድ መቆጣጠሪያ በእጁ አግብቶ ገንዘብ ጠየቀ። ባለቤቶቹ መቆጣጠሪያውን ሊያስጥሉት ቢሞክሩ፣ የሚበዛውን መዝገብ ከነግልባጩ ደመሰሰባቸው። ድርጅቱም በዚያው ሥራውን ዘጋ።

በአውስትራልያ ያለው ዩኒሱፐር የተባለ የጡረታ ገንዘብ ድርጅት ግን ከዚህ ዕጣ ተርፏል። አባላቱ ከ600,000 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በጉግል በኩል በተፈጸመ ስሕተት የድርጅቱ የክላውድ ኪራይ ተሰረዘ። አባላቱ አንድ ሳምንት ያህል ሒሳባቸውን ለማየት ሳይችሉ ቆዩ። ሆኖም ድርጅቱ በሌላ አከራይ ዘንድም ግልባጭ አኑሮ ነበርና ጥፋቱ ቀለለለት።

እንግዲህ ቤት ማብዛት ይበጃል ልንል ነው። ይበጃል፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደጅ፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱም ቋንቋ አለው። «ሮል» የሚለው ቃል እንኳ በጉግል ዘንድ የፈቃዶች ስብስብ ሲሆን፣ በአማዞን ዘንድ ሠራተኛው ወይም ፕሮግራሙ ለጊዜው የሚለብሰው ማንነት ነው። የአንዱን ቤት ደንብ የተማረ ሰው በሌላው ቤት ያለ ልክ ፈቃድ ቢሰጥ አያስደንቅም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋን ግን የተረሳ ቁልፍ ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ስሙ ከአንዱ ክላውድ ይሰረዝና በሌላው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ስኖውፍሌክ በተባለው ክላውድ መዝገባቸውን ያኖሩ ድርጅቶች ሲዘረፉ፣ ሌቦቹ የገቡት በር ሰብረው ሳይሆን በተሰረቀ፣ ነገር ግን ትክክለኛ በሆነ የይለፍ ቃል ነበር። ከቃሉ ሌላ ማረጋገጫ አልተጠየቁም። ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ድርጅቶች 165 ያህል ነበሩ።

ስለዚህ ሠራተኛው ወደ ክላውዶቹ ሁሉ የሚገባበት በር አንድ ይሁን፤ ስሙ ከዚያ ሲሰረዝ በሁሉም ዘንድ መግቢያ ያጣል። ይህ በር ቢሰበር ጥፋቱ የከፋ ስለሚሆን፣ በእጅ የሚያዝ የመግቢያ ቁልፍ ይጨመርበት። የግልባጩ ቁልፍ ግን ከዚህ በር ውጭ፣ በሌላ ሰው እጅ ይኑር። ሦስት አከራይ መያዝ ለትንሽ ድርጅት ከጌጥ አይበልጥም ባዮች ነን፤ አንድ አከራይና በሌላ ቤት የተቀመጠ አንድ ግልባጭ ይበቁታል። ያም ግልባጭ በየጊዜው እየወጣ ሥራውን በእርግጥ መልሶ የሚያስነሣ መሆኑ ይሞከር።