የአዳኝ ማይቶች ማደሪያ፦ ተክል በተባይ ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ

ሥነ ሕይወታዊ የተባይ ቁጥጥር፣ ማለትም ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ አማካይነት የመከላከል ዘዴ፣ ለረጅም ጊዜ የሁለት ወገኖች ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ በአንድ በኩል ሰብል አጥፊው፣ በሌላ በኩል እርሱን የሚበላው አዳኝ ቆመው፣ ተክሉ ግን ሁለቱ የሚፋለሙበት ሜዳ ብቻ ሆኖ ይቆጠር ነበር። የአዳኝ ማይቶች ታሪክ ግን ሜዳው ራሱ እንደሚያደላ ያሳያል። ማይት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፍጥረት ሲሆን፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ዓይነት በቅጠል የታችኛው ገጽ ላይ ድር እያደራ የቅጠሉን ሕዋሳት ይመጥጣል፤ አዳኙ ማይት ደግሞ እርሱንና እንቁላሉን ይበላል።

ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አክሰል ሉንድስትሮም እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው ሥራ፣ የቅጠል ጅማቶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የሚታዩትን ጥቃቅን ጉድጓዶችና የፀጉር ጉንጉኖች “ዶማሺያ”፣ ማለትም ትናንሽ ቤቶች፣ ብሎ ሰየማቸው። ተክሉ ለማይቶች ማደሪያ ይሰጣል፣ እነርሱም በምላሹ ይጠብቁታል የሚለው ሐሳቡ ለመቶ ዓመት ያህል ተዘንግቶ መቆየቱ ለዘርፉ ትልቅ ኪሳራ ነበር፤ አግራዋልና ካርባን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ በጥጥ ተክል ቅጠሎች ላይ ሰው ሠራሽ ማደሪያ ሲለጠፍ አዳኞች እንደሚበራከቱና ፍሬውም እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ከዚያ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ዶሴ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከቺሊ በመጡ የኦርኪድ ተክሎች ላይ ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የተባለውን አዳኝ አግኝቶ ነበር። ይህ አዳኝ በአውሮፓ የመስታወት ቤቶች ውስጥ በኪያር ላይ ቀይ ሸረሪትን በሚገባ ሲያጠፋ፣ በቲማቲም ላይ ግን ተቸገረ። የቲማቲም ግንድና የቅጠል አንገት ራሳቸው ላይ ጠብታ የያዙ ፀጉሮችን ስለሚያበቅሉ፣ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚጓዘው አዳኝ ሲነካቸው ጠብታው ፈንድቶ እግሩን እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ አደን ሳይደርስም በዚያው ተጣብቆ ይሞታል። ያው አዳኝ፣ ያው ተባይ፣ የተለየ ተክል።

ተክል አዳኙን የሚጠራበት መንገድም አለ። አዳኝ ማይቶች ዓይን ስለሌላቸው፣ በቀይ ሸረሪት የተጠቃ ቅጠል የሚለቀውን ልዩ ሽታ ተከትለው እንደሚሄዱ ሳቤሊስና የሥራ ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1983 በኔዘርላንድስ አረጋግጠዋል።

ከሁሉ የሚልቀው ትምህርት የመጣው ግን ከአፍሪካ የካሳቫ ማሳዎች ነው። ከደቡብ አሜሪካ ሳይታወቅ የገባው የካሳቫ አረንጓዴ ማይት እ.ኤ.አ. በ1971 በኡጋንዳ ታይቶ በአህጉሩ የካሳቫ አምራች አካባቢዎች ሲዛመት፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከኮሎምቢያ የመጡ አዳኞች በብዛት ተለቀቁ፤ ተባዩ ሲመናመንና አየሩ ሲደርቅ ግን የሚቆዩበት ምግብም ምቹ ሁኔታም ስላልነበራቸው አንዳቸውም አልዘለቁም። ከብራዚል የመጣውና እ.ኤ.አ. በ1993 በቤኒን የተለቀቀው ታይፍሎድሮማለስ አሪፖ ግን ቀን ቀን በካሳቫው አናት ቡቃያ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ሌሊት ወደ ለጋ ቅጠሎች ወርዶ እያደነ፣ ተባይ ሲያጣም በአበባ ብናኝና ተክሉ በሚያመነጨው ፈሳሽ እየተደገፈ ኖረ፤ ወደ ብዙ አገሮችም ተስፋፋ። ቡቃያቸው ፀጉራም የሆኑ ዝርያዎች ለስላሳ ቡቃያ ካላቸው ይልቅ አዳኙን በብዛት ይይዛሉ፤ ስለዚህ የካሳቫ ዝርያ የሚመርጥ ባለሙያ ሳያስበው የአዳኙንም ዕድል ይወስናል።

በኢትዮጵያ በዝዋይ አካባቢ የጽጌረዳ እርሻዎች ፋይቶሴዩለስን መጠቀማቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የአገሪቱ ትልቁ ድርሻ ሌላ ቦታ ነው። የአረቢካ ቡና ቅጠል ተገልብጦ ሲታይ፣ የመካከለኛው ጅማት ከጎን ጅማቶች ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ሁሉ ሉንድስትሮም የጻፈላቸው ዓይነት ጉድጓዶች ይገኛሉ፤ አዳኝ ማይቶችም ይጠለሉባቸዋል። የቡናው መገኛ በሆነው ምድር ላይ ዝርያ የሚያሻሽሉ ተመራማሪዎች ምርቱን፣ ጣዕሙንና በሽታ መቋቋሙን ሲመዘግቡ፣ የእነዚህን ጉድጓዶች ብዛትና ስፋትም አብረው ይመዝግቡ።